የፎርክሊፍት ጎማ ዓይነቶችና አመራረጣቸው፦ ወለሉን አይቶ መወሰን

ፎርክሊፍት እንደ መኪና ባሌስትራም ሆነ አሞርዛቶሪ የለውም። የፊት አክስሉ ከሻሲው ጋር ጥብቅ ሆኖ ታስሯል፤ የኋላው አክስል ደግሞ መሃሉ ላይ ባለው ማጠፊያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል እንጂ ንዝረትን የሚውጥለት ሞላ የለውም። ስለዚህ ማሽኑ አንድ የወለል ስንጥቅ ሲሻገር የሚፈጠረው ምት ወደ ሹካው፣ ወደ ጭነቱና ወደ ኦፕሬተሩ ወገብ ከመድረሱ በፊት የሚያበርደው ነገር ቢኖር ጎማው ብቻ ነው። ይኸው ጎማ ጭነቱን ይሸከማል፣ ፍሬን ሲያዝ መሬት ይቆነጥጣል፣ ማሽኑ እንዳይጋደልም ሚዛን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ዕቃ በመጠንና በዋጋ ብቻ ተመርጦ ሲገዛ ማየት ግን የተለመደ ነው። ሻጩ መጠኑን ይጠይቃል፣ ገዥው ከአሮጌው ጎማ ላይ ያነበበውን ቁጥር ይናገራል፣ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። በእኔ እምነት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስበት ወለል ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። አሮጌው ጎማ ያለጊዜው ያለቀው ለዚያ ወለል የማይሆን ስለነበረ ሊሆን ይችላልና፣ ያንኑ ዓይነት መልሶ መግዛት ያንኑ ስሕተት መድገም ይሆናል።

ክብደቱ የሚያርፈው የት ነው?

ስለ ጎማ ዓይነቶች ከመናገር በፊት ክብደቱ በየትኛው ጎማ ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ከኋላው የተጫነበትንና 2.5 ቶን የሚያነሣውን የተለመደ ፎርክሊፍት እንውሰድ። የራሱ ክብደት ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ባዶውን ሲቆም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ሙሉ ጭነቱን ሲያነሣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጠቅላላው 6.5 ቶን ከአሥር ዘጠኝ እጁ ገደማ ወደ ፊት አክስል ይሄድና እያንዳንዱ የፊት ጎማ ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይሸከማል። አንድ ጎማ ይህን ያህል ሸክም በቀን መቶ ጊዜ ሲቀበልና ሲያስረክብ ይውላል ማለት ነው።

የኋላ ጎማዎች ሸክማቸው ቀላል ቢመስልም ሥራቸው ቀላል አይደለም። መሪው የሚያዞረው እነሱን ነውና ማሽኑ በጠባብ መተላለፊያ በታጠፈ ቁጥር፣ በተለይም ቆሞ ሳለ መሪው ሲጠመዘዝ፣ ወለሉ ላይ እየተፋተጉ ይላጣሉ። የፊት ጎማ በሸክምና በሚነዳው ኃይል፣ የኋላ ጎማ በመፋተግ ያልቃል፤ የሁለቱ አላለቅ ስለሚለያይም የአንዱን ዕድሜ አይቶ የሌላውን መገመት አይቻልም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ሚዛኑ ነው። ማሽኑ የሚቆመው በአራት ጎማ ቢሆንም፣ የኋላው አክስል መሃሉ ላይ ስለሚወዛወዝ ሚዛኑ የሚጠበቀው በሦስት ነጥብ፣ ማለትም በሁለቱ የፊት ጎማዎችና በኋላው አክስል ማጠፊያ ነው። የማሽኑና የጭነቱ የጋራ የክብደት ማዕከል ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች ከሚሠራው ጎነ ሦስት ውጪ ከወጣ ማሽኑ ይወድቃል። አንዱ የፊት ጎማ ሲተነፍስ ወይም ከጓደኛው ይልቅ ሲያልቅ የዚህ ጎነ ሦስት አንዱ ጥግ ዝቅ ይላል፤ የክብደት ማዕከሉም ወደዚያው ወገን ያዘነብላል።

ወለሉን በእግር መመልከት

ለምርጫው ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ማሽኑ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግር ሄዶ መሬት መሬቱን ማየት ነው። ከኦፕሬተሩ ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ እርሱ ወገቡን የሚመታው ስንጥቅ የቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራልና። ወለሉ ሊሾ ነው ወይስ ሻካራ? የኮንክሪቱ መጋጠሚያዎች ጠርዛቸው ተሸራርፏል ወይስ ደህና ነው? ማሽኑ ከመጋዘኑ ወጥቶ በአስፋልት ወይም በጠጠር ላይ ይሄዳል? በመንገዱ ላይ የብረት ፍቅፋቂ፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ ወይም የእንጨት ስንጣሪ ይወድቃል? ውኃ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል ይፈስበታል? ዳገት አለ? በአንድ ጉዞ የሚሄደው ርቀት ሃያ ሜትር ነው ወይስ ግማሽ ኪሎ ሜትር? ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይገባል? ወለሉስ ጥቁር መስመር እንዳይሠመርበት የሚፈለግ ነው?

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ርቀቱ ነው። ጎማ በተንከባለለ ቁጥር ውስጡ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ በዚህም ይሞቃል። ላስቲክ ሙቀትን ወደ ውጭ ለማስተላለፍ ሰነፍ ስለሆነ፣ በተለይ ድፍን ጎማ ከባድ ጭነት ይዞ ረጅም ርቀት በፍጥነት ሲሄድ መሃሉ ሳይበርድ እየተጠራቀመ የሚሄድ ሙቀት ይይዛል። ከውጭ ለብ ያለ የሚመስል ጎማ ውስጡ ከዚያ እጅግ የበለጠ የጋለ ሊሆን ይችላል። የሥራው ሰዓት ሲያበቃ ማሽኑ በሚገባ ከቆመና ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የእጅን ጀርባ ወደ ጎማው ጎን አስጠግቶ ሙቀቱን መመርመር ቀላል ልማድ ነው፤ አራቱንም በየተራ ሲያዩ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይ የተሸከመው ከአቅሙ በላይ ነው ወይ ፍሬኑ አልለቀቀውም።

በአየር የሚነፋ ጎማ

ከመኪና ጎማ ጋር የሚመሳሰለው ይህ ነው። አንዳንዱ ውስጡ ከመነዳሪ አለው፣ አንዳንዱ ያለ ከመነዳሪ በቸርኬው ላይ ራሱን አሽጎ አየር ይይዛል። በአሠራሩም ክሮቹ አግድም እየተጠላለፉ የተነጠፉበት ዓይነት አለ፤ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ በቀጥታ የተዘረጉበት ራዲያል የሚባለውም አለ። የመጀመሪያው ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ መናጥን ይቀንሳል፣ ራዲያሉ ደግሞ ሲንከባለል ቀለል ይላል፣ ብዙም አይሞቅም።

ቦታው ከቤት ውጭ ነው፦ አስፋልት፣ ጠጠር፣ የታመቀ አፈር፣ ያልተስተካከለ ግቢ። ንዝረትን ከሁሉ በተሻለ የሚውጠው እርሱ ስለሆነ ኦፕሬተሩም ማሽኑም ይጠቀማሉ፤ ሻካራ መሬት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሰዓት ያውቀዋል። ለግንባታ ቦታና ለጭቃ የሚሠሩት ማሽኖች ደግሞ እንደ ትራክተር ጎማ ጥርሱ ጥልቅና ሰፊ የሆነውን ይጠቀማሉ።

ድክመቱ መበሳቱ ነው። ሌላው ድክመት ግን ከዚህ ይብሳል፤ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያንስ ማንም ሳያስተውለው መቅረቱ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 ባር አካባቢ ሲሆን፣ የፎርክሊፍት ጎማ ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ባር ይደርሳል። በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስል ጎማ ከሚያስፈልገው አየር ብዙ ሊጎድለው ስለሚችል መለኪያ ከመጠቀም ሌላ መንገድ የለም፤ መለካትም ያለበት ጠዋት ማሽኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፣ ትከሻው ያልቃል፣ ጭነት ወደ ላይ ሲነሣም ማሽኑ ይናጣል። ትክክለኛው መጠን በማሽኑ መመሪያና በጎማው ላይ ተጽፏል፤ በግምት መንፋት አይገባም።

ድፍን ጎማ

ይህ ዓይነት መልኩ በአየር የሚነፋውን ይመስላል፤ የሚገባውም በዚያው ቸርኬ ላይ ነው፣ ውስጡ ግን እስከ መጨረሻው ላስቲክ ነው። ለሁለት ተቆርጦ ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንብርብር ይገኝበታል። ቸርኬውን የሚይዘው የታችኛው ክፍል በጣም ጠንካራ ላስቲክ ሲሆን በውስጡ የብረት ሽቦ ቀለበቶች ተቀብረውበታል፤ እነዚህ ቀለበቶች ጎማው በቸርኬው ላይ እንዳይሽከረከር ያደርጉታል። መሃሉ ለስለስ ያለና ንዝረት የሚውጥ ነው። ላይኛው መሬት የሚነካው ደግሞ መፋተግንና መቆረጥን የሚቋቋም ነው። ርካሽ የሆኑት አንዳንድ ጎማዎች መሃለኛውን ንብርብር ያስቀሩታል፤ በመደብር ቆሞ ከውጭ ለሚያያቸው ሰው ልዩነታቸው አይታወቅም፣ ውጤቱ የሚታወቀው ማሽኑ ላይ ለሚቀመጠው ነው። በዚህ ምክንያት ገዥው ስንት ንብርብር እንዳለው ሻጩን በግልጽ እንዲጠይቅ አጥብቄ እመክራለሁ።

ድፍን ጎማ አይበሳም፣ አየር አይፈልግም፣ ሸክም ሲበዛበትም ብዙ አይለጠጥም። ስለዚህ ሚስማርና ስባሪ በሚበዛበት ግቢ፣ በእንጨት መሰንጠቂያ፣ በብረታ ብረት ሥራ፣ እንዲሁም አንድ ማሽን ከውስጥ ወደ ውጭ በሚመላለስበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። በብረት መቁረጫ ክፍል ውስጥ ሲሠራ የዋለ ማሽን ጎማ ሲታይ እንደ ጠጉር የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ በጥርሱ መካከል ተሰክቶ ያብለጨልጫል፤ በየቀኑ በካቻቪቴ ካልተፈለቀቀ ፍቅፋቂው በተንከባለለ ቁጥር ወደ ውስጥ እየገባ ላስቲኩን በትንንሹ ይቆራርጠዋል። በአየር የሚነፋ ጎማ ቢሆን በሳምንቱ ጎሚስታ ዘንድ ይደርስ ነበር፤ ድፍኑ ግን ተቆራርጦም ሥራውን ይቀጥላል።

በሌላ በኩል ድፍን ጎማ ይከብዳል፣ ይጠነክራል፣ ከላይ እንደተባለው ሙቀት ይይዛል። ማሽኑ ጭነት ይዞ በረጅም መንገድ ያለ ዕረፍት የሚመላለስ ከሆነ ይህን ለሻጩ መንገር ያስፈልጋል፤ የጎማው የመሸከም አቅም በፍጥነትና በርቀት መጠን ይቀንሳልና። መሬቱ በጣም ሻካራ ከሆነም አለመበሳቱን ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም፤ ከጎማው የቀረው ምት የሚያርፈው በኦፕሬተሩ አከርካሪና በማሽኑ ብየዳዎች ላይ ነው።

ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ሌላ ዓይነት አለ፤ በቀለበት በማይከፈት ቸርኬ ላይ የሚገባና ጠርዙ ላይ ባለው ጉጥ ተነክሶ የሚቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ሲገዛ የቸርኬው ዓይነት አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ በቁጥር አንድ ሆነው የማይገጣጠሙ ጎማና ቸርኬ አሉ።

በፕሬስ የሚገባ ጎማ

በብዙዎች ዘንድ ኩሽን የሚባለው ይህ ጎማ ላስቲኩ በሰፊ የብረት ቀለበት ላይ ተጋግሮ የተሠራ ነው። ቀለበቱ በሃይድሮሊክ ፕሬስ እየተገፋ በመንኮራኩሩ ላይ ተጣብቆ ይገባል፤ የሚይዘውም ብሎን ሳይሆን ጥበቱ ራሱ ነው። የጎማው ቁመት አጭር ስለሆነ ማሽኑ ወደ መሬት ይጠጋል፣ ሻሲውም አጠር ብሎ ስለሚሠራ በጠባብ ቦታ መታጠፍ ይችላል። ለዚህ ነው ቦታ በተጣበበባቸውና ወለላቸው ሊሾ በሆነ መጋዘኖች ውስጥ የሚመረጠው።

ከዚያ ወለል ሲወጣ ግን ችግር ይጀምራል። ማሽኑ ከመሬት ያለው ከፍታ ትንሽ ስለሆነ በጠጠር ላይ ሆዱ ይነካል፣ በእርጥብ አፈር ላይ ይሰምጣል። ላዩ ሊሾ የሆነው ለደረቅ ወለል ነው፤ መሬት የሚነካው ስፋቱ ሙሉ ስለሆነም ረጅም ዕድሜ አለው። ወለሉ የሚረጥብ ከሆነ ጥርስ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በፕሬስ የሚገባውን በአየር በሚነፋው ለመተካት የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ይህ አይሆንም። የሁለቱ ማሽኖች ሻሲ፣ አክስልና ከፍታ ከመሠረቱ የተለያየ ስለሆነ ልዩነቱ በጎማ ለውጥ አይታረቅም። በአየር የሚነፋውን በተመሳሳይ ቸርኬ ላይ በሚገባ ድፍን ጎማ መተካት ግን የማሽኑ አምራች እስከፈቀደ ድረስ ይቻላል።

ፖሊዩሬቴን

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሪች ትራኮች (ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ የሚያነሡ ማሽኖች)፣ የፓሌት ማንሻዎችና በጠባብ መደርደሪያዎች መካከል የሚሠሩ ማሽኖች ትንንሽና ጠንካራ ጎማቸው የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ሰው ሠራሽ ቁስ ነው። በሾር ኤ የጥንካሬ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በላይ ስለሚሆን ከላስቲክ እጅግ ይጠነክራል፤ በመሆኑም በዚያው መጠን ከላስቲክ የበለጠ ክብደት ይሸከማል። ከጭነቱ በታች ስለማይለጠጥ ለመንከባለል ብዙ ኃይል አይጠይቅም፣ ባትሪውም ለረጅም ሰዓት ያገለግላል። ወለሉ ላይ ጥቁር ምልክት አይተውም፣ ዘይትና ቅባትም ላስቲክን እንደሚያበላሹት አያበላሹትም።

ነገር ግን ይህ ጎማ የሚወደው ደረቅና ለስላሳ ወለል ብቻ ነው። ውኃ ካለ ይንሸራተታል፤ ለዚህ ሲባል ላዩ በቀጫጭን ስንጥቅ የተበጣ ዓይነት ይሠራል፣ እርሱ ትንሽ ይቆነጥጣል። ሙቅ ውኃና እንፋሎት ለረጅም ጊዜ ካገኙት ደግሞ ቁሱ ራሱ ይበላሻል። ስለዚህ ወለሉ በሙቅ ውኃ በሚታጠብበት ቦታ ላይ ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ዓይነት መጠየቅ ያስፈልጋል። በተሸራረፈ የኮንክሪት ጠርዝ ላይ ሲያልፍ ቁራሽ ቁራሹ ይወድቃል፣ ጠጠርና የብረት ፍቅፋቂ ይሰኩበታል። ጭነት እንደያዘ ለቀናት ከቆመም መሬት የነካው ጎኑ ይተኛና ማሽኑ ሲነዳ «ዱብ ዱብ» ይላል።

በፎም የተሞላ ጎማ

በአየር የሚነፋ ጎማ በአየር ፈንታ ውስጡ በፈሳሽ ፖሊዩሬቴን ተሞልቶ ሲደርቅ እንደ ድፍን ይሆናል። ለቁርጥራጭ ብረትና ለስባሪ ማከማቻዎች ጥሩ መፍትሔ ነው። ክብደቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ወደ አየር መመለስም አይቻልም።

ወለል የማያጠቁር ጎማ

ነጭ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ የሆኑት ጎማዎች በቅርጽ ራሳቸውን የቻሉ ዓይነት አይደሉም፤ ከላይ የተጠቀሱት የላስቲክ ጎማዎች ሁሉ በዚህ መልክ ሊሠሩ ይችላሉ። ጎማን ጥቁር የሚያደርገው ጥንካሬ እንዲሰጠው የሚጨመረው ካርቦን ብላክ የሚባል እንደ ጥላሸት የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ጎማው ሲፋተግ ወለሉ ላይ የሚቀረው ጥቁር መስመርም የእርሱ ነው። ወለል በማያጠቁረው ጎማ ውስጥ በዚህ ፈንታ ሲሊካ ይገባል። ለምግብ፣ ለመድኃኒት፣ ለወረቀትና ለጨርቃ ጨርቅ መጋዘኖች፣ እንዲሁም በኤፖክሲ ለተቀቡ ወለሎች ተገቢው ይህ ነው፤ አላለቁ ግን ከጥቁሩ ፈጠን ይላል።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር አብሮ ካልታሰበ አደጋ አለው። ካርቦን ብላክ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋልና ጥቁሩ ጎማ በማሽኑ ላይ የሚጠራቀመውን የስታቲክ ኤሌክትሪክ ወደ ወለሉ ያፈስሰዋል። ሲሊካው ግን ይህን አያደርግም። ማሽኑ የያዘው ኤሌክትሪክ መውጫ ሲያጣ ኦፕሬተሩ ብረቱን ሲነካ ይነዝረዋል፣ የማሽኑን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሊያውክ ይችላል፣ ተቀጣጣይ ትነት ወይም ብናኝ ባለበት ደግሞ ብልጭታው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጎማ የገባለት ማሽን ከሻሲው ወደ መሬት የሚንጠለጠልና ወለሉን የሚነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ማሰሪያ ሊኖረው ይገባል። ማሰሪያው እየተፋተገ ስለሚያጥር መሬት መንካቱን በየጊዜው ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ቁጥሮቹን ማንበብ

በጎማው ጎን ላይ 7.00-12 ተብሎ ቢጻፍ የመጀመሪያው የጎማው ወርድ በኢንች፣ ሁለተኛው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። 28×9-15 ከሆነ ሦስት ልኬት አለው ማለት ነው፤ 28 ኢንች የውጭ ዲያሜትሩ፣ 9 ኢንች ወርዱ፣ 15 ኢንች ቸርኬው ነው። በፕሬስ የሚገባው ጎማ 21×7×15 ተብሎ ሲጻፍ የመጨረሻው ቁጥር የሚናገረው ስለ ብረት ቀለበቱ የውስጥ ዲያሜትር ነው። በብዙ 2.5 ቶን ማሽኖች ላይ ከፊት 7.00-12 ከኋላ 6.00-9፣ በብዙ 3 ቶን ማሽኖች ላይ ደግሞ ከፊት 28×9-15 ከኋላ 6.50-10 ይገኛል። በአየር በሚነፋው ላይ 12 ፒአር ወይም 14 ፒአር የሚል ቢታይ የጥንካሬ ደረጃው ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሸከመው ይጨምራል። ደረጃው ዝቅ ያለ ጎማ በርካሽ ተገኘ ብሎ መግጠም ማሽኑን የሚያነሣው ክብደት ከተጻፈበት ከአቅም ሰሌዳው በታች ማዋረድ ነው።

መቼ ይቀየር?

በብዙ ድፍን ጎማዎች ጎን ላይ ዙሪያውን የሚዞር መስመር አለ፤ አንዳንዴ 60ጄ የሚል ጽሑፍ ይታይበታል። ላስቲኩ እዚያ መስመር ሲደርስ ጎማው አብቅቷል። በፕሬስ በሚገባው ላይ ብዙ ጊዜ እንደ መለያ የሚያገለግለው በጎኑ የተቀረጸው ጽሑፍ የላይ ጫፍ ነው። መስመሩ ከሌለ በሥራው ዓለም የታወቀ ስሌት አለ፦ ከአዲሱ ጎማ የውጭ ዲያሜትር ላይ የቸርኬው ዲያሜትር ይቀነሳል፣ ከቀረው ሦስት አራተኛው ይወሰድና የቸርኬው ዲያሜትር ይደመርበታል። ለምሳሌ በ28×9-15 ጎማ ላይ 28 ሲቀነስ 15 13 ይሆናል፤ የ13 ሦስት አራተኛ 9.75 ነው፤ 15 ሲደመርበት 24.75 ኢንች ይሆናል፣ ይህም ወደ 63 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማው ከዚህ ልክ ካነሰ መቀየር አለበት።

ከመስመሩ በፊትም የሚያስቀይሩ ምልክቶች አሉ። ከላስቲኩ ቁራሽ እየተገነጠለ መውደቅ ከአቅም በላይ መጫንን ወይም በስባሪ ላይ መመላለስን ያሳያል። አንድ ጎኑ የተደለደለ ጎማ ድንገተኛ ፍሬን ወይም ቆሞ መሽከርከር ደርሶበታል። ላስቲኩ ከብረቱ ቀለበት መላቀቅ ከጀመረ ማሽኑ በዚያው ሰዓት መቆም አለበት። ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በሁለቱ ላይ የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ የኖራ መስመር አስምሮ በማግስቱ ማየት ይበቃል፤ መስመሩ ከተለያየ ተንሸራቷል።

የሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል መሆን በተለይ ሊጤን ይገባዋል። አንድ ጊዜ በአንድ መጋዘን የቀኙ ጎማ ብቻ ተቀይሮለት ግራው አሮጌ ሆኖ የቀረ ማሽን አይቻለሁ፤ ኦፕሬተሩ ሹካው ወደ መደርደሪያው ሲወጣ ወደ ግራ ይሄድብኛል እያለ ማስቱን፣ ማለትም ሹካው የሚወጣበትን ምሰሶ፣ ይወቅስ ነበር። ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል 1 ሜትር ቢኖርና አንዱ ወገን በ2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ሹካው 4.5 ሜትር ሲወጣ ጭነቱ ወደ ጎን 9 ሴንቲ ሜትር ያዘነብላል። መሬት ላይ በዓይን የማይታየው የ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሹካው ከላይ ሲደርስ አንድ መዳፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአንድ አክስል ጎማዎች ሁልጊዜ በጥንድ፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ ሥሪት ይቀየራሉ።

ሲቀየር የሚደረግ ጥንቃቄ

በአየር የሚነፋ የፎርክሊፍት ጎማ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክፍሎች ተገጣጥሞ በተሠራ ቸርኬ ላይ ነው። በ10 ባር የታመቀ አየር እነዚህን ክፍሎች ወደ ውጭ እየገፋ ስለሚኖር፣ አየሩ ሳይወጣ የተሳሳተ ዳዶ የፈታ ሰው የብረቱ ግማሽ እንደ ጥይት ይወጣበታል። በብዙ ቸርኬዎች ላይ ሁለት ዙር ዳዶ አለ፤ አንዱ ቸርኬውን ከማሽኑ ጋር፣ ሌላው ግማሹን ከግማሹ ጋር ያያዘ ነው። የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ ሳይለዩ ቁልፍ ማሳረፍ አይገባም። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ የማይነሡት ጎማዎች በእንጨት ከተደገፉ በኋላ፣ ምንም ዳዶ ከመነካቱ በፊት የቫልቩ ውስጥ ክፍል ተፈትቶ አየሩ እስከ መጨረሻው ይውጣ። በክሪክ የተነሣ ማሽንም በክሪኩ ብቻ አይታመንም፤ ሻሲው ሥር ጠንካራ መደገፊያ ይግባለት። መልሶ መንፋት ያለበት በብረት የመከላከያ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው። የአየር ቱቦው ረጅምና በራሱ ቫልቩን ነክሶ የሚይዝ ይሁን፤ የሚነፋው ሰውም ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቁም።

ድፍን ጎማና በፕሬስ የሚገባው ያለ ሃይድሮሊክ ፕሬስ አይወጡም፣ አይገቡም። በእሳት አሙቆ ወይም በመዶሻ ቀጥቅጦ ለማውጣት መሞከር ቸርኬውን ያጣምማል፣ ሰውም ይጎዳል።

የጎማው ዓይነት ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከአየር ወደ ድፍን ሲሻገሩ፣ የማሽኑ ክብደትና ከፍታ በመጠኑ ስለሚለወጥ የአቅም ሰሌዳው አሁንም እንደሚሠራ ከአምራቹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ ዳዶዎቹ ፊት ለፊት እየተቀያየሩ፣ በመመሪያው ላይ በተጻፈው የማጥበቂያ ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቁ፤ ማሽኑ ጭነት ይዞ ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላም ቦታቸውን ይዘው ስለሚላሉ በዚያው ቀን እንደገና ይፈተሹ። መለዋወጫ የሚቀመጠውም ጎማ ፀሐይ ከማይደርስበት፣ ዘይት ከማይንጠባጠብበት፣ የኤሌክትሪክ ሞተርና የብየዳ ማሽን ከማይሠራበት ቦታ ይሁን፤ ከእነዚህ የሚወጣው ኦዞን ላስቲኩን ገና ሳይገጠም ይሰነጣጥቀዋል።